ፖቶሲ፦ ብሩ ወጣ፣ ሕዝቡስ የት ሄደ?

ወለላ (ክሩን የከፈተች)

ስለ ቦሊቪያው ፖቶሲ የሚጻፈው ሁሉ ከአንድ ተራራ ይነሣና እዚያው ተራራ ላይ ያልቃል። ብር የሞላበት ተራራ፣ ስፔኖች፣ የግዳጅ ሥራ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። እኔ መወያየት የምፈልገው ስለ ክፍለ ሀገሩ በሙሉ ነው። ምድሩ ምን ይመስላል? ማን ይኖርበታል? ይህን ያህል ሀብት የወጣበት አገር ዛሬም ከቦሊቪያ ድሃ ክፍሎች አንዱ የሆነው ለምንድን ነው?

ለመነሻ የሚሆን ጥቂት ላስቀምጥ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦሊቪያ ዘጠኝ ክፍለ ሀገሮች አሏት። ፖቶሲ በደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለው ነው፤ በምዕራብ ከቺሊ፣ በደቡብ ከአርጀንቲና ጋር ይዋሰናል። ስፋቱ ወደ 118,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በ16 አውራጃዎች ይተዳደራል። ነዋሪው ከ8 መቶ ሺህ በላይ ቢሆንም ለዚህ ሁሉ መሬት ሲከፋፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሰባት ሰው ገደማ ነው የሚደርሰው። ዋና ከተማው፣ እርሱም ፖቶሲ የሚባለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሲሆን ብሩ የተገኘበት ሴሮ ሪኮ ከከተማው በስተደቡብ ወደ 4,800 ሜትር ይደርሳል።

ብሩ የተገኘው በ1545 ነው። በ1611 በተደረገ ቆጠራ ከተማዋ 160 ሺህ ያህል ነዋሪ እንደነበራት ይጠቀሳል። በዚያን ዘመን ይህን ያህል ሰው የሚኖርባቸው የአውሮፓ ከተሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቦሊቪያ ነጻ በወጣችበት በ1825 ግን በከተማዋ የቀረው ሰው 10 ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የት ሄደ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ጥቁር ድንጋይ

እኅቴ ወለላ፣ መልሱ ግልጽ አይደለም እንዴ? አለቁ። ተራራው ውስጥ 8 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ተብሎ በየቦታው አንብቤአለሁ። ስፔን በዚያ ብር ጦር አስታጠቀች፣ ዕዳ ከፈለች፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አስጌጠች። ለአገሩ ሰው የተረፈው መቃብር ነው።

ጋሽ ዋርካ

ልጄ ጥቁር ድንጋይ፣ ቁጣህ ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ ግን ማስረጃ የለውም። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት በመላው የኢንካ ግዛት ይኖር የነበረው ሕዝብ እንኳ በብዙ ተመራማሪዎች ግምት ከ10 ሚሊዮን ብዙ አይርቅም። ለፖቶሲ ሰው እንዲያዋጡ የተገደዱት ደግሞ የዚያ ግዛት ከፊሎቹ አውራጃዎች ብቻ ነበሩ። በአንዲስ ተራሮች አገር ሕዝብን ከሁሉ በላይ የጨረሰው ፈንጣጣና ኩፍኝ ነው፤ ማዕድን በሌለበትም ጨርሷል።

በፖቶሲ የሆነውን ልንገርህ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተራራው አናት የሚገኘው ድንጋይ በብር የበለጸገ ስለነበረ፣ የአገሩ ሰው በራሱ ጥበብ ዋይራ በተባሉ፣ ነፋስ በሚያራግባቸው ትንንሽ ምድጃዎች ያቀልጠው ነበር። ያ ድንጋይ ሲመናመን ምርቱ ወደቀ። በ1570ዎቹ የፔሩ እንደራሴ የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንደኛው ድንጋዩን ፈጭቶ ብሩን በባዜቃ መለየት፣ ሁለተኛው ሚታ የሚባለው የግዳጅ ሥራ ነው። ሚታን ኢንካዎችም ያውቁት ነበር፤ ቶሌዶ ግን ለማዕድን ጌቶች ጥቅም አዋለው። ከቀድሞው የኢንካ ግዛት 16 አውራጃዎች በየዓመቱ ከ13 ሺህ በላይ ወንዶች እንዲልኩ ተደለደለባቸው። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ በየሰባት ዓመቱ አንዱን ዓመት ፖቶሲ ማሳለፍ ነበረበት። ከሩቅ አውራጃ የተነሡት ሚስትና ልጆቻቸውን አስከትለው፣ ስንቃቸውን በላማ ጭነው ሁለት ወር ይጓዙ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ የመናድ አደጋ፣ መፍጫው ዘንድ ሳንባ የሚበላ አቧራ፣ ማጣሪያው ዘንድ የባዜቃ መርዝ ይጠብቃቸዋል።

ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ሸሸ። ሚታ የሚጫነው በተወለደበት ማኅበረሰብ በተመዘገበ ሰው ላይ ነበር። መንደሩን ጥሎ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሰው እንግዳ ተብሎ ስለሚመዘገብ ከግዳጁ ያመልጣል። በ1680ዎቹ በተደረገው ቆጠራ፣ ሚታ በሚከፍሉት አውራጃዎች ከሚኖረው አዋቂ ወንድ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እንዲህ ያለ እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ወደ ኮቻባምባ ሸለቆዎች፣ ወደ ባላባቶች እርሻ፣ ወደ ከተሞች ጥግ ሄደዋል። የወለላ ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚህ ውስጥ ነው። ሰው መሬቱን፣ የአባቶቹን መቃብር፣ ዘመዱን ትቶ ስሙን ከመዝገብ ለማስፋቅ ተሰደደ።

ለከተማዋ ደግሞ ሌሎች ምክንያቶች ተደራረቡ። በ1626 ለወፍጮዎቹ ውኃ ያጠራቅሙ ከነበሩት ግድቦች አንዱ ተደርምሶ ከተማዋን አጥለቀለቀ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሜክሲኮ በብር ምርት በለጠቻት። በ1719 ወረርሽኝ ገባ። ከ1810 ጀምሮ በነጻነቱ ጦርነት የሁለቱም ወገን ሠራዊት እየተፈራረቀ ያዛት፣ ዘረፋትም።

ጥቁር ድንጋይ

ጋሽ ዋርካ፣ ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን ቁጥሩን ዝቅ ስናደርገው ወንጀሉንም ያቀለልን አይመስልዎትም?

ጋሽ ዋርካ

አይመስለኝም። ትክክለኛው ታሪክ ከተጋነነው የባሰ ከባድ ነው። 8 ሚሊዮን ስትል ፊት የሌለው ክምር ይሆናል። አንድ ሰው በየሰባት ዓመቱ ተራው ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ ሁለት ወር እግሩን እየጎተተ ሲሄድ፣ ሥርዓቱም ከ200 ዓመት በላይ፣ እስከ 1812 ድረስ፣ ሳይሻር ሲቆይ ግን በደሉ ቅርጽ ይይዛል። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ፤ በ1600 አካባቢ ከማዕድን ሠራተኛው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚንጋ የሚባለው በደመወዝ የሚሠራ ነበር። በገበያው የኮካ ቅጠልና ቺቻ የሚባለውን የበቆሎ ጠላ የሚነግዱ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል የበለጸጉም አሉ። እነዚህን ሰዎች በሙሉ ሟች ብቻ ብንላቸው የኖሩትን ሕይወት እንነጥቃቸዋለን።

የሜዳ መንገደኛ

ከከተማዋ እንውጣ። ፖቶሲ አንድ ዓይነት ምድር አይደለም፤ እኔ ቢያንስ አራት አያለሁ።

ደቡብ ምዕራቡ ሊፔስ ይባላል። ነፋስ፣ እሳተ ገሞራ፣ ጨው። የኡዩኒ የጨው ሜዳ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ በዓለም ትልቁ ነው፣ ከፍታውም ወደ 3,650 ሜትር ገደማ። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው የዝናብ ወቅት ስስ ውኃ ይተኛበትና ሰማዩ እግርዎ ሥር ይዘረጋል። ወደ ደቡብ ሲወርዱ አልጌ ከሚባለው የውኃ ሽበትና ከሌላ ደቃቅ ሕይወት የተነሣ የቀላ ላጉና ኮሎራዳ የተባለ ሐይቅ አለ፤ ፍላሚንጎዎች በብርዱ መካከል ይራባሉ። ከዚያ አልፎ ጭቃና እንፋሎት የሚተፋ ምድር፣ ከፍ ሲልም ከ6,000 ሜትር በላይ የሆነው የኡቱሩንኩ እሳተ ገሞራ። በዚህ ሁሉ ስፋት የሚኖረው ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ላማ ያረባል፣ ጨው ይቆርጣል፣ ኪኖዋ የሚባለውን የደጋ እህል ይዘራል።

ደቡብ ምሥራቁ ቺቻስ ነው። ቱፒሳ ቀያይ ገደሎች የከበቧት፣ አየሯ ለስለስ ያለ ከተማ ናት፤ ቪያሶን ከአርጀንቲና ጋር ድንበር ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። መካከለኛው ክፍል ዋና ከተማውና በዙሪያው ያሉት ድንችና ባቄላ አምራች ሸለቆዎች ናቸው። አራተኛው ሰሜኑ ነው፤ እርሱን የሚያውቅ ሰው እንዲጽፍበት ልተወው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኡዩኒ ከተማ የተቆረቆረችው በ1889 ነው። ከአንቶፋጋስታ ወደብ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በዚያው ዓመት ደረሰባት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የፑላካዮ ማዕድን ብር የሚጫነው በዚያ ነበር። ያረጁት የእንፋሎት ባቡሮች ዛሬም ከከተማው ዳር ዝገው ቆመዋል። ብዙ ጎብኚ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል፤ ፑላካዮን ግን ማንም አይጠይቅም። በ1946 የቦሊቪያ ማዕድን ሠራተኞች የፖለቲካ አቋማቸውን ያጸደቁበት ታላቅ ጉባኤ የተካሄደው እዚያ ነው።

ቀለሟ

መንገደኛ፣ አንቶፋጋስታ ዛሬ የቺሊ አይደለችም? የፖቶሲ ብር በሌላ አገር ወደብ ነበር የሚወጣው ማለት ነው?

ወለላ

ቀለሟ፣ ሐዲዱ ኡዩኒ ሲደርስ አንቶፋጋስታ በቺሊ እጅ ከገባች አሥር ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት ግን ያ የባሕር ዳርቻ የቦሊቪያ ነበር፤ ከዚያም በፊት የራሱ የፖቶሲ ነበር። ክፍለ ሀገሩ በ1826 ሲቋቋም በአታካማ በረሃ በኩል እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይዘልቅ ነበር። የነጻነቱ ጦርነት መሪ ቦሊቫር በ1825 መጨረሻ በዚያ ዳርቻ ያለችው ኮቢካ የአዲሲቱ አገር ወደብ እንድትሆን ወስኗል። ከዋናው ከተማ እስከ ኮቢካ ያለው መንገድ ውኃ የሌለበት በረሃ በመሆኑ ወደቡ ብዙም አላደገም። ዳርቻው በኋላ ከፖቶሲ ተነጥሎ በ1867 ሊቶራል የሚባል ክፍለ ሀገር ሆነ። በ1879 በተጀመረው ጦርነት ቺሊ ወሰደችው። ዛሬ ካርታ ላይ የፖቶሲን ምዕራባዊ ድንበር ስታዪ ያ ጠርዝ የተቆረጠ መሆኑን አስቢ።

ፋኖስ

ጥያቄ አለኝ። ብሩ ወደ ስፔን ከሄደ በኋላ ወደ እኛ አካባቢ የደረሰ አለ? የማሪያ ቴሬዛው ጠገራ ብር ከዚያ የመጣ ነው የሚል ሰምቻለሁ።

ጋሽ ዋርካ

ጠገራ ብራችን የኦስትሪያ ነው፤ ከፖቶሲ ጋር አታገናኘው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት በነበረው ዘመን፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአውሮፓ ነጋዴዎች ከየመኗ ሞካ ቡና ሲገዙ ይከፍሉ የነበረው በብዛት በስፔን የብር ሪያል ነበር። ያ ገንዘብ በሜክሲኮና በፖቶሲ ነው የሚቀረጸው። ስለዚህ ከሴሮ ሪኮ የወጣ ብር ቀይ ባሕር መድረሱ አያጠራጥርም። የፖቶሲ ገንዘብ ስሙ የጎደፈበት ጊዜም ነበር። በ1640ዎቹ የገንዘብ መቅረጫው ሰዎች ብሩን በመዳብ እየበረዙ ሲያወጡ ተደረሰባቸው። ነጋዴዎች በየአገሩ አንቀበልም አሉ፤ ከዋነኞቹ ተጠያቂዎች አንዱ የነበረ ባለጸጋ በ1650 በሞት ተቀጣ።

የሠራተኛ ልጅ

እስካሁን ስለ ብር ብቻ ነው ያወራነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፖቶሲን የሠራው ቆርቆሮ ነው፤ መሐል ቦታውም ከሰሜን ያሉት ያያጉዋና ኡንሲያ ናቸው። ሲሞን ፓቲኞ በ1900 እዚያ የበለጸገ የቆርቆሮ ሥር አገኘና ከዓለም ባለጸጎች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ፤ የኋላ ዘመኑን የኖረው ግን በውጭ አገር ነው። ሠራተኞቹ ሲግሎ ቬይንቴና ካታቪ በተባሉ የኩባንያ ሰፈሮች በጠባብ ክፍሎች ተጨናንቀው ቀሩ። በታኅሣሥ 1942 ካታቪ ላይ ደመወዝ ይጨመርልን ያሉትን ወታደር ተኮሰባቸው። በ1952ቱ አብዮት ማዕድኖቹ በመንግሥት ተወረሱ፤ ኮሚቦል የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። በሰኔ 1967 ደግሞ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሌሊት፣ ሰዉ እሳት ዙሪያ እየጨፈረ አድሮ ሳይነጋ፣ ጦሩ ሰፈሩን ከብቦ ተኮሰ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሴቶቹ ነገር ነው። በ1977 መጨረሻ ከማዕድኑ ሰፈሮች የመጡ አራት የሠራተኛ ሚስቶች ልጆቻቸውን ይዘው ላፓስ ገቡና የረሃብ አድማ መቱ። የባንሴር ወታደራዊ መንግሥት ያሰራቸውንና ያሰደዳቸውን ምሕረት እንዲያደርግላቸው፣ የተባረሩትንም ወደ ሥራ እንዲመልስ ነበር ጥያቄያቸው። የሲግሎ ቬይንቴዋ ዶሚቲላ ባሪዮስ ዴ ቹንጋራ ተቀላቀለች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አድመኛው ከሺህ አለፈ። መንግሥቱ እጅ ሰጠ። ስለ ፖቶሲ ሕዝብ የሚጽፍ ሁሉ እነዚህን ሴቶች ሳይጠቅስ ማለፍ የለበትም እላለሁ።

ከዚያ 1985 መጣ። በነሐሴ መንግሥት 21060 በተባለው አዋጅ የኢኮኖሚውን ሥርዓት ገለበጠ፤ በጥቅምት የዓለም የቆርቆሮ ገበያ ወደቀ። ከ20 ሺህ በላይ የኮሚቦል ሠራተኞች ከሥራ ተሰናበቱ። ከፊሎቹ ላፓስ አጠገብ ወዳለችው ኤል አልቶ ሄደው ሰፈር መሠረቱ፣ ከፊሎቹ ወደ ቻፓሬ ቆላ ወርደው ኮካ ተከሉ። የሠራተኛ ማኅበር ልምዳቸውን ይዘው ነው የሄዱት፤ የቦሊቪያ ፖለቲካ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው አንድም በእነርሱ ነው። ወለላ፣ ሕዝቡ የት ሄደ ላልሽው ሁለተኛው መልስ ይኸውልሽ።

ያያጉዋ ግን አልሞተችም። ሠራተኞቹ ያቋቋሙት ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ1985 ተከፈተ፤ ዛሬ ከተማዋን ከሚያኖሩት ነገሮች አንዱ ተማሪው ነው።

ጥቁር ድንጋይ

ይህን አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ለባትሪ የሚፈለገው ሊቲየም አለ። በኡዩኒ ጨው ሥር ያለው በዓለም ትልቁ ክምችት ነው ይባላል። ክፍለ ሀገሩ በዚህ መነሣቱ አይቀርም።

ኬሚስቷ

ጥቁር ድንጋይ፣ ክምችት መኖርና ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቦሊቪያ ያለው ሊቲየም ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ አብዛኛው ኡዩኒ ነው። ሆኖም የኡዩኒ ብራይን፣ ማለትም ከጨው ሥር ያለው ብርቱ ጨዋማ ውኃ፣ ማግኒዥየም ስለሚበዛበት ሊቲየሙን መለየት አስቸጋሪና ውድ ነው። በዚያ ላይ ከቺሊው አታካማ ጋር ሲነጻጸር ይዘንብበታል፤ በኩሬ አስጥቶ ማትነን ይዘገያል።

የፖለቲካው ታሪክ ደግሞ ከሳይንሱ አይተናነስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካው የሊቲየም ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት በፖቶሲ ሕዝብ ተቃውሞ ተወዛግቦ ኩባንያው ወደ አርጀንቲና ሄደ። በ2019 ከጀርመኖች ጋር የተደረገው ውል፣ ክፍለ ሀገሩ የሚያገኘው ሮያሊቲ፣ ማለትም ከማዕድኑ ገቢ የሚደርሰው ድርሻ፣ አነስተኛ ነው በሚል በተነሣ ከባድ አድማ በኅዳር ወር ተሰረዘ። የመንግሥቱ የሊቲየም ካርቦኔት ፋብሪካ በታኅሣሥ 2023 ተመርቋል። ሰው ይህን ሲሰማ ፖቶሲዎች ልማት ጠሉ ይላል። እኔ አልስማማም። ብራቸው ሲወጣ፣ ቆርቆሯቸው ሲወጣ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ከመፈረማቸው በፊት ለእኛ ስንት ይቀራል ብለው መጠየቃቸው መብታቸው ነው። ለኪኖዋና ለላማ የሚሆነው ውኃ ጉዳይም ገና አልተመለሰም።

ቀለሟ

ሴሮ ሪኮስ? አሁንም ይቆፈራል?

የሠራተኛ ልጅ

አዎን። በብዛት በኅብረት ሥራ ማኅበራት የተደራጁ ሺህዎች ይሠሩበታል፤ ዚንክ፣ እርሳስ፣ ጥቂት ብር ያወጣሉ። ገና በለጋ ዕድሜ የሚገቡ አሉ፤ ብዙዎች ሲሊኮሲስ በሚባለው የድንጋይ አቧራ በሽታ ሳንባቸው ተበልቶ ይሞታሉ። ተራራው ውስጡ ተቦርቡሮ አናቱ ላይ ጉድጓድ ተደርምሷል። ከተማው በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2014 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ተራራው ይዘጋ የሚል ሁሉ እነዚያ ሰዎች ነገ ምን እንደሚበሉ አብሮ ይናገር።

የማቻ ጎረቤት

መንገደኛ የተወውን ሰሜኑን እኔ ልያዝ። ቻያንታ፣ ቡስቲዮ፣ ቻርካስና ኢባኜስ አውራጃዎች የአይዩ አገር ናቸው። አይዩ በዘርና በጋራ መሬት የተሳሰረ ማኅበረሰብ ነው፤ ከኢንካዎችም በፊት የነበረ። አንድ ቤተሰብ ደጋ ላይ ድንችና ላማ፣ ወርዶ ቆላ ላይ በቆሎ ይይዛል። አብዛኛው ሰው ኬችዋ ይናገራል፤ አይማራም አለ። በግንቦት መጀመሪያ በመስቀል በዓል ማቻ በተባለች መንደር የሚደረገውን የቲንኩ ድብድብ ጎብኚ ያውቀዋል። የማቻውን ቶማስ ካታሪን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1778 ግብር ሰብሳቢዎቹ እንደሚዘርፉ ለመክሰስ እስከ ቦነስ አይረስ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ሄደ። እንደራሴው ዘንድ ቀርቦ የሚደግፈው ትእዛዝ ይዞ ተመለሰ፤ የአካባቢው ሹማምንት ግን አሰሩት፣ በ1781 መጀመሪያም ተገደለ። ወንድሞቹ ዛሬ ሱክሬ የምትባለውን ላ ፕላታን ከበቧት። በመላው አንዲስ ከተነሣው የዚያ ዘመን ታላቅ ዐመፅ አንዱ ምዕራፍ ነው።

የወለላን ጥያቄ ወደ ዛሬ ላምጣው። ከሰሜን ፖቶሲና ከሊፔስ የሚወጣው ሰው ኮቻባምባ፣ ሳንታ ክሩስ፣ አርጀንቲና ይሄዳል። ሄዶም ግን አይቆርጥም። መሬቱን ዘመድ ያርስለታል፤ ለዘርና ለበዓል ይመለሳል፤ ተራው ሲደርስ የመንደሩን ሹመት ተቀብሎ ያገለግላል፤ አለዚያ መሬቱን ያጣል። የኪኖዋ ዋጋ እስከ 2014 ሲያሻቅብ በጨው ሜዳው ዙሪያ ባዶ የነበሩ ቤቶች ተከፈቱ፣ በትራክተር አዲስ መሬት ታረሰ፤ ዋጋው በ2015 ሲወድቅ ብዙው ተመልሶ ሄደ። በመጋቢት 2024 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ በከተማ የሚኖሩ ብዙዎች አውቶቡስ ተሳፍረው መንደራቸው ገብተው ተቆጠሩ፤ ለየማዘጋጃ ቤቱ የሚደርሰው ገንዘብ በነዋሪው ቁጥር ስለሚከፈል ነው። ጋሽ ዋርካ እንዳሉት ያኔ ሰዎቹ ከመዝገብ ለማምለጥ ነበር የሚሸሹት። የአሁኖቹ ደግሞ ለመመዝገብ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የፖቶሲን የነዋሪ ቁጥር የሚያነብ ሰው፣ ከውስጡ ስንቱ ዓመቱን ሙሉ እዚያ እንደሚያድርና ስንቱ ለዘርና ለበዓል ብቻ እንደሚመጣ ለይቶ ይጠይቅ።